ዘነበች የምትባል ሴት

ባለፈው ሳምንት ለአዲሱ መታወቂያ ልመዘገብ ቀበሌ ሄጄ ነበር። የመቱ ሰማይ እንደ ልማዱ ተቀዷል፤ የአዳራሹ ቆርቆሮ ስለሚንጫጫ ሰው ጆሮ ለጆሮ ካልተጠጋ አይደማመጥም። ቅጹን ሞልቼ፣ ዳርና ዳሩ የተበላውን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ካርዴን አያይዤ ሰጠሁና ከልጄ ከሃና ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ኮምፒውተሩ ፊት ያለችው ልጅ ስም ትጠራለች፤ የተጠራው ይነሣል፣ አሻራውን ይሰጣል፣ ካሜራው ላይ ዓይኑን አፍጥጦ ይወጣል። በመሃል «ዘነበች ደምሴ!» አለች። ማንም አልተነሣም። ደግማ ጠራች። ሰው ሁሉ አንገቱን አዙሮ ይቺ ሴት የት አለች እያለ ፈለጋት፤ እኔም ፈለግኋት። እንዲያውም በሆዴ «ምን ዓይነቷ ዝንጉ ናት፣ ሰው ወረፋ እየጠበቀ» ብዬ ተቆጣኋት። ሃናም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ሴትዮዋ ሰልችቷት ሄዳ ይሆናል» አለችኝ። ልጅቷ ሦስተኛ ጠራችና ወደሚቀጥለው አለፈች። የሚቀጥለው ሰውዬ አሻራውን ሲሰጥ ነው የነቃሁት። ዘነበች ደምሴ እኔ ነኝ። ቅጹን በገዛ እጄ የሞላሁትም እኔው ነኝ።

ሰው በስተርጅና ስሙን ቢረሳ አይገርምም ትሉ ይሆናል። ጤነኛ ነኝ፣ እግዜር ይመስገን፤ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ጎሬ ላይ የለበስኩትን የቀሚስ ቀለም እነግራችኋለሁ። አልረሳሁትም፤ ከጥቅም ውጪ ሆኖብኝ ነው። ጎሬ ላይ ስወለድ ከባድ ዝናብ ይጥል ስለነበር አባቴ ዘነበች አለኝ። ጎረቤቶቹ «በኢሉባቦር በዝናብ ቀን የተወለደ ሁሉ ዘነበ ከተባለ እኮ አገሩ በሙሉ ሞክሼ ሊሆን ነው» ብለው ሳቁበት። እሱ ግን ስሙን ይወደው ነበር። ኮረብታው ላይ ካለው ቤታችን ደጃፍ ቆሞ ሲጣራ ድምፁ ታች ገበያው ድረስ ይሰማል፤ እኔም ያለሁበትን ጥዬ «አቤት!» እያልኩ ዳገቱን በሩጫ እወጣለሁ። ያ ስም የሚጣፍጠው በአባቴ አፍ ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላ እንደዚያ አድርጎ የጠራኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሐበሻ አይደለም።

ስሜን የተነጠቅሁት በሠርጌ ማግስት ነው። ያኔ የአባወራዬ ቤተሰብ ጥንት ከሰሜን የመጣ፣ ወግ አጥባቂ፣ መቱ ላይ የተከበረ ቤተሰብ ነበር። ያን ዕለት ሽማግሌዎችና ሴቶች ባሉበት አማቴ ግንባሬን ቅቤ ቀቡኝና «ለልጄ ዓለም ይዘሽለት መጥተሻልና ከዛሬ ጀምሮ ስምሽ ዓለሜ ነው» አሉ። እልል ተባለ። የአገሩ ወግ ነው፣ ማንም ክፉ አላሰበም። እኔም በተራዬ ለባሌ ወንድሞችና እኅቶች ስም አወጣሁ፤ ሙሽራ የባሏን ዘመዶች በስማቸው አትጠራምና። ትንሿን እኅታቸውን፣ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ የነበረችውን፣ እታገኝ አልኳት። ዛሬ ሳስበው እኔም የልጅቷን ስም ነጥቄያታለሁ። ልዩነቱ የእሷ ስም ትምህርት ቤት ይጠራ ነበር፤ የእኔን የሚጠራ ደጅ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ አልነበረም።

የባሌን ስም እዚህ አልጽፍም። በቁም ሳሉም ጠርቼው አላውቅ። አንቱ ነበር የምላቸው፤ ለሰው ስናገርም «እሳቸው የሉም»፣ «እሳቸው ሲመጡ እነግራቸዋለሁ» ነው። በአሥራ ሦስት ዓመት ይበልጡኛል፣ የትምህርት ቢሮ ጸሐፊ ናቸው፣ ከተማው ሁሉ ኮፍያውን አንሥቶ ሰላም የሚላቸው ሰው ናቸው። እሳቸው ደግሞ እኔን «አንቺ» ይሉኛል። «አንቺ፣ ውሃ አምጪ።» «አንቺ፣ ካልሲዬ የታለ?» ሰው ፊት ሲሆን «ቤተሰቤ»፣ ዮናስን ከወለድኩ በኋላ «የዮናስ እናት»፣ ደስ ያላቸው ቀን «ዓለሜ»። የጎረቤቴ ዕጣ ከእኔ አይሻልም ነበር። ከኢሉባቦሩ ቡሬ ወገን ተድራ የመጣች ናት፣ ሃዳ ጫልቱ እንላታለን፣ የጫልቱ እናት ማለት ነው። የባሏ አባት ቡልቻ ስለሚባሉ በእነሱ ወግ፣ ላጉ በሚሉት፣ የአማቷን ስም ቀርቶ ስሙን የሚመስል ቃል ከአፏ አይወጣም። በዚህ በቡና አገር «ቡና» ማለት አትችልም! «ጉራቻ» ትለዋለች፣ ጥቁሩ። ገበያ ስንሄድ «የጥቁሩ ዋጋ ስንት ገባ?» ስትል ነጋዴው ከሌላ አገር የመጣ ከሆነ ግራ ይገባዋል። እኔ ስስቅባት «አኒስ አኩማ ኬቲ፣ እኔም እንዳንቺው ነኝ ዓለሜ» ትለኝ ነበር። «እኔ የሰው ስም ነው የተከለከልኩት። አንቺ የራስሽን።»

ያን ጊዜ መቱ ትንሽ ነበረች። ከመናኸሪያው በታች ባለው ማዕዘን ካሴት ቤት ነበር፤ ድምፅ ማጉያውን ደጅ አውጥቶ አንዱን ካሴት በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ ያለውን በአማርኛ ሲያዘፍን ይውላል፤ የጎሬ ሚኒባስ ረዳቶችም በዘፈኑ ምት «ጎሬ! ጎሬ!» ይላሉ። ታሪፉ ሦስት ብር ነበር። ሻይ በስሙኒ፣ ፓስቲ ከዚያም ባነሰ። ከያዮ የሚመጣው የጫካ ማር በቅል ተሞልቶ፣ ቅጠል ተከድኖ፣ ለመግዛት ሳይሆን ለመቅመስ በሚበቃ ዋጋ ይሸጣል። ሴቱ በተርጋል ቀሚስ ላይ ሹራብ ደርቦ፣ በእግሩ ላስቲክ ጫማ አጥልቆ ጭቃውን ይወጣል ይወርዳል፤ መሥሪያ ቤተኛው ጥቁር ጃንጥላውን እንደ ምርኩዝ ይዞ ይንጎማለላል። አሁን አስፋልት ተሠርቷል፣ ባጃጅ እንደ ጉንዳን ፈልቷል፣ ካሴት ቤቱ ስልክ ቤት ሆኗል። ሰዎች የድሮው ይሻላል ሲሉ እሰማለሁ። ሻዩ ርካሽ ነበር፣ እውነት ነው። እኔም ርካሽ ነበርኩ።

ሚዶሪ የመጣችው በዚያ ዘመን ነው። ጃፓናዊት ናት፤ ያዮ ጫካ ውስጥ ስለሚበቅለው ቡና ልታጠና መጥታ ግቢያችን ውስጥ ያለውን ሰርቪስ ቤት ተከራየች። ሰኞ ቦት ጫማዋን አድርጋ ወደ ያዮ ትሄዳለች፤ ዓርብ ጭቃ በጭቃ ሆና ትመለሳለች። ቅዳሜና እሑድ እኔ ጋ በርጩማ ይዛ እየተቀመጠች ሽንኩርት ስንልጥ አማርኛ ትማራለች። በመጀመሪያው ቀን «ስምዎ ማን ነው?» አለችኝ። «የዮናስ እናት» አልኳት። ደብተሯ ላይ ጻፈችና ቆየት ብላ «ይሄ የዮናስ ነው። የእርስዎስ?» አለች። «ዓለሜ።» ሃዳ ጫልቱ አጥር ላይ ተደግፋ ትሰማ ነበርና «እሱም የአማቷ ነው!» ብላ ሳቀች። ሚዶሪ እርሳሷን አንሥታ ጠበቀችኝ። «ዘነበች» አልኩ በመጨረሻ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ደነገጥኩ፤ ጎሬ ከአባቴ ቤት ደጃፍ ተጠርቼ የምሮጥ መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ዘነበች ትለኝ ጀመር። ባሌ ፊት እንዳትለኝ ግን አስጠነቀቅኋት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ የሰረቅሁት ነገር መሰለኝ።

አንድ ቀን አንተና አንቺን፣ እርስዎንና አንቱን ሳስረዳት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እኛ አገር ችግሩ ከ«እኔ» ይጀምራል አለችኝ። ወንድ ልጅ ራሱን የሚጠራበት «እኔ» አለው፣ ሴት የራሷ አላት፣ አለቃ ፊት የሚባል ሌላ፣ ከጓደኛ ጋር የሚባል ሌላ። ሰው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ልብሱን እንደሚለውጥ እኔነቱንም ይለውጣል። ብዙ ጊዜም ጭራሽ አይጠራውም፤ ወሬው በራሱ ይገባል። ታላቅን ሰው ፊት ለፊት «አንተ» ብሎማ መናገር ድፍረት ነው፤ በስሙ ወይም በሥራው ይጠራል እንጂ። «እናት ደግሞ ለልጇ ስታወራ ‹እኔ› አትልም። ‹እናትሽ ውሃ ታምጣልሽ› ትላለች። አባቴ ራሱ እናቴን ‹እናት› ነው የሚላት» አለችኝ። «ታዲያ ስሟ?» አልኳት። ሚዶሪ ሽንኩርቱን አስቀመጠች። «እኔም አንድ ቀን እንደዚሁ ጠየቅኋት። ‹እናትሽ ሻይ ታፍላልሽ› ብላኝ ተነሣች።»

በጣም ነው የገረመኝ። እኔ ይሄን ነገር የእኛ ቤት ብቻ የፈጠረው ይመስለኝ ነበር። እኛማ አንድ «እኔ» ብቻ ነው ያለን፤ ንጉሥም ለማኝም የሚለው ያንኑ ነው። ብዙ ከሚሆን አንድ መሆኑ ጥሩ ነው አልኩ፣ ማታ ግን ቀኑን ሙሉ ስንት ጊዜ እንዳልኩት ለማስታወስ ሞከርኩ። አንድም ጊዜ አላልኩትም። «ደህና ነሽ?» ሲሉኝ «ደህና ነን» እላለሁ። «ምን ትፈልጊያለሽ?» የሚለኝ ስለሌለ «እፈልጋለሁ» የሚል ቃል አያስፈልገኝም። አንድ «እኔ» ተሰጥቶኝ እሱንም ሳልጠቀምበት ሰባት ዓመት አሳልፌያለሁ። ይሄን ለሚዶሪ ስነግራት በሚቀጥለው ዓርብ አንድ ወረቀት ይዛልኝ መጣች። ከእሳቸው ቢሮ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ገልብጣው ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ፣ ኦሮምኛ መጻፍና ማንበብ የሚችሉ ለመምህርነት ሥልጠና ይመዝገቡ ይላል። «እትዬ ዘነበች፣ ይሄ እርስዎ ነዎት» አለችኝ።

ለእሳቸው አልነገርኩም። ኦሮምኛ ከልጅነቴ አፌን የፈታሁበት ነው፤ ፊደሉን፣ ቁቤውን ደግሞ ከጫልቱ ደብተር ላይ ክረምቱን ተምሬዋለሁ። ሆዴ ገፍቶ ስለነበር ሰፊ ነጠላ ለብሼ፣ እሳቸው ለስብሰባ በወጡበት ቀን ተመዘገብኩ። የተመዘገብኩት በትምህርት ቤት ስሜ ነው፣ ሌላ ስም ያለው ካርድ የለኝማ። ፈተናው ቅዳሜ ሆነ፤ ጎሬ አክስቴን ልጠይቅ ብዬ ወጣሁና ተፈተንኩ። ከፈተናው ስወጣ ካሴት ቤቱ ፊት ቆሜ በስሙኒ ሻይ ጠጣሁ። ብቻዬን ቆሜ ሻይ የጠጣሁት በሕይወቴ ያን ቀን ነው። ማለፌን እርግጠኛ ነበርኩ። አንዴ ስሜ በአደባባይ ከተጠራ፣ ሰው ከሰማው፣ እሳቸውም እንቢ ለማለት ያፍራሉ ብዬ ነበር ያሰብኩት። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ የሚሉ አማቴም ቢሆኑ ደመወዝ ሲያዩ ይለሳለሳሉ።

ሃና ሁለት ሳምንት ቀድማ ተወለደች። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሣው፤ እስከዚያ አራስ ከቤት አትወጣም። የተመረጡት ስም በቢሮው ግቢ የሚጠራበት ቀን ደግሞ በዚያው መሃል ዋለ። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ «አለሁ» ያላለ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል ተብሏል። ሚዶሪ ቆማ ልትመልስልኝ ነበር፤ ግን ያዮ መንገድ ላይ ጭቃው መኪናዋን ይዞባት ሦስት ቀን እዚያው ቀረች። ያለችኝ እታገኝ ናት። አሥራ ሰባት ዓመት ሆኗታል፣ ትወደኛለች፣ ምሥጢር አታወጣም። አልጋዬ ጫፍ ላይ አስቀምጬ እጇን ያዝኩና «እታገኝ፣ ስሜ ሲጠራ ‹አለች፣ አራስ ናት› በይልኝ። ማንም ቢኖር እንዳታፍሪ» አልኳት። «እሺ ዓለሜ፣ ምን ገዶኝ» አለችኝ። እሺ ዓለሜ ስትለኝ እንኳ አልነቃሁም። እንዴት እንዳልነቃሁ እስከ ዛሬ አይገባኝም። በእኔ ሆድ ውስጥ ስሜ የተመዘገብኩበት ስም ነበር፤ በልጅቷ ጆሮ ውስጥ ደግሞ ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ የምታውቀው ስሜ ነበር። ሁለታችንም «ስሜ» ስንል ተግባብተን ተለያየን።

እኩለ ቀን ላይ ውሃ እንደ ገባች ድመት ርሳ ተመለሰች። አጥሚት እየጠጣሁ ነበር። «አልጠሩሽም ዓለሜ» አለችኝ፣ ልታለቅስ ደርሳለች። «እስከ መጨረሻው ቆሜያለሁ። የሚጠራውም ወንድሜ ነበር፣ ድምፅዎ ጥሩ ነው እርስዎ ይጥሩ ተብሎ። ምናልባት ስምሽን ሲያይ ዘሎሽ እንዳይሆን ብዬ በደንብ ሰማሁ፤ አልተጠራሽም።»

«ማን ማን ተጠራ?» አልኳት።

«ብዙ ነው እኮ! አንዲት እንዲያውም ሦስት ጊዜ ተጠርታ የጠፋች አለች፤ ዘነበች የምትባል። ሰው ሁሉ ሳቀባት።»

አጥሚቱ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ዘነበች እኔ መሆኔን አልነገርኳትም። ብነግራት ዕድሜዋን ሙሉ ስታለቅስ ትኖራለች፤ ምንም ጥፋት የለባትም። ጥቂት ቆይቶ እሳቸው ለምሳ ገቡ። ኮታቸውን ምስማሩ ላይ እየሰቀሉ «ዛሬ አንዲት የጎሬ ልጅ ዕድሏን አሳለፈች» አሉ። «ሦስት ጊዜ ጠራኋት፣ የለችም። ተጠባባቂ አስገባን።» «ማን ትባላለች?» አልኳቸው። «ምኑን አስታውሼው» አሉና ሊታጠቡ እጃቸውን ዘረጉ።

ሚዶሪ ስትመለስ ነገርኳት። እንደዚያ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም፤ እኛ ጋ ከመጣች ጀምሮ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የተናገረችው ያን ቀን ብቻ ነው። «አሁን ቢሮ እንሂድ፣ ካልሆነ እኔ ለባልዎ እነግራቸዋለሁ» አለች። አስምዬ ከለከልኳት። ምን ብላ ትነግራለች? ተደብቃ ተፈትናለች፣ የጠሩት ስም የሚስትዎ ነው፣ ሰባት ዓመት አብረዋት ተኝተው አያውቁትም ልትል ነው? አንቱ ያልኩትን ሰው እንዴት አድርጌ «ለምን?» እለዋለሁ? ዓመት ሳይሞላ ጥናቷን ጨርሳ አገሯ ገባች። በቢሮው ፖስታ ሣጥን እጽፍልሻለሁ ብላኝ ነበር። ደብዳቤ አልመጣም፤ ወይም መጥቶ ዘነበች የምትባል ሴት ጠፍታ ተመልሷል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሃያ ስንት ዓመት በአንድ ነገር ነው የተጽናናሁት። እሳቸው ስሜን አያውቁትም ነበር ብዬ። ሠርጋችን ላይ ቄሱ አንድ ጊዜ ጠርተውት ይሆናል፣ ከዚያ ማን ያስታውሳል? ለዚህ ማስረጃዬ ብዙ ነበር። የልጆቹ የትምህርት ቤት ካርድ ላይ የእናት ስም ሲሞሉ ዓለሜ ብለው ነው የጻፉት። የቀበሌው የቤተሰብ ቅጽ ላይም ዓለሜ፣ ሆስፒታል ካርድ ላይም ዓለሜ። እኔ ብዕራቸውን ከጀርባቸው ቆሜ አየዋለሁ፤ ትንሽ እንኳ አያመነታም። የማያውቁትን ሰው ነው የጠሩት፣ የማያውቁትን ሰው ነው የሰረዙት እላለሁ። በሰው አለማወቅ አይፈረድምና ጥፋቱን ለራሴ ወሰድኩት። ያቺ በእኔ ቦታ የገባችው ተጠባባቂ ሃናን አንደኛ ክፍል አስተማረቻት። ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ እጇ ጠመኔ በጠመኔ ሆኖ በር ላይ ስትቀበለን ዐያታለሁ። ጥሩ ሴት ናት፤ ክፋት የለባትም። «የሃና እናት፣ ልጅዎ ጎበዝ ናት» ትለኛለች። እኔም «እግዜር ይስጥልን» እላለሁ።

ይሄን ሁሉ በዚያ አዳራሽ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ነው ያሰብኩት። ሃና ግራ ገብቷት ታየኛለች። ተነሥቼ ወደ ልጅቷ ሄድኩና «ዘነበች ደምሴ እኔ ነኝ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «ሦስት ጊዜ ጠራሁዎት እኮ እማማ!» አለች። ተቆጥታ አይደለም፤ ደክሟት ነው። «አውቃለሁ ልጄ፣ ይቅርታ» አልኳትና ጣቴን የአሻራው መስታወት ላይ አኖርኩ። ሃና ከኋላዬ ቆማ «ዘነበች?» አለች ቀስ ብላ። «እማዬ፣ ዓለሜ አይደለሽ እንዴ?» ቤት ስንገባ እነግርሻለሁ አልኳት። እስከ ዛሬ ግን አልነገርኳትም፤ ምክንያቱም ከነገርኳት የመጨረሻውንም መንገር አለብኝ፣ አባቷን ደግሞ ትወዳቸዋለች።

የመጨረሻው ይሄ ነው። እሳቸውን ጡረታ በወጡ በአራተኛው ዓመት የደም ግፊት መታቸው። ግማሽ ጎናቸው ዝም አለ፣ ምላሳቸው ከበደ። ስምንት ወር አልጋ ላይ አስታመምኳቸው፤ አገላበጥኩ፣ አጠብኩ፣ በማንኪያ አጎረስኩ። ሰው ደግ ሚስት ይለኝ ነበር፤ እኔም ደግ ነኝ ብዬ ነበር። የሚናገሩት ከሁለትና ሦስት ቃል አይበልጥም፤ «አንቺ» እና «ውሃ» ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ እየጣለ ማድ ቤት ጎመን እቀነጥሳለሁ። ከመኝታ ቤት ድምፅ መጣ። የበሽተኛ ድምፅ አይደለም። ጥርት ያለ፣ የቢሮ ግቢ የሚሞላ፣ ያ ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ድምፃቸው ነው።

«ዘነበች ደምሴ!»

ጎመኑ ከእጄ ወደቀ። አባቴን በሕይወታቸው ሙሉ «አባባ» እንጂ ደምሴ ብለው ጠርተውት አያውቁም። የእኔን ስምማ ከናካቴው። ሁለቱን አጋጥሞ የያዘው ያ የቢሮ ወረቀት ብቻ ነው።

«ዘነበች ደምሴ!»

ቆምኩ። ያን ቀን «የጎሬ ልጅ» ያሉት ከወረቀቱ ላይ አንብበው ነው ብዬ ነበር፤ ያ ሁሉ ቅጽ ላይ ዓለሜ ብለው ሲጽፉ ብዕራቸው ያላመነታው ስለማያውቁ ነው ብዬ ነበር። ሃያ ስንት ዓመት ለሰውዬው ጠበቃ ቆሜለት ኖሬያለሁ። «ምኑን አስታውሼው» ያሉኝ ስም ከነአባቱ ይኸው፤ ያውቁ ነበር። በዚያ ግቢ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ አራስ አልጋ ላይ እንዳለሁ እያወቁ፣ ሰማንያ ቀን እንደማልወጣ እያወቁ ሦስት ጊዜ ጠሩኝና ሰረዙኝ። ከዚያ ቤት ገብተው ኮታቸውን ሰቅለው ነገሩኝ። ምናልባት አሁን በትኩሳት ያን ወረቀት እያነበቡት ይሆናል፤ ምናልባት እየጸጸታቸው ይሆናል፤ እኔ የሰው ሆድ አላይም። በሦስተኛው ጥሪ ግን ድምፃቸው ወረደ፣ ወደ በሽተኛው ድምፅ ተመለሰ።

«ዘነበች ደምሴ… የለችም?»

«አለሁ» አላልኩም። «አቤት»ም አላልኩም። ያን ቀን የሳቀው ሰው ሁሉ አሁን እዚያ ማድ ቤት ቆሞ የሚጠብቅ መሰለኝ። የቢሮው ደንብ ግልጽ ነው፤ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ካልመለሰ ተጠባባቂ ይገባል። እሳቸው ግን ተጠባባቂ አልነበራቸውም፤ ዮናስ አዲስ አበባ ነው፣ ሃና ሥራ ላይ ናት፣ እታገኝ ባሏ ቤት ናት። ከእኔ በቀር ውሃ የሚሰጣቸው በቤቱ ውስጥ ማንም የለም። ጎመኑን ከመሬት አነሣሁ፣ እጄን ታጠብኩ፣ ብርጭቆውን ሞልቼ ገባሁ። ዓይናቸውን በር በሩን አድርገው ይጠብቃሉ። አንገታቸውን በክንዴ ደገፍኩና ብርጭቆውን ከንፈራቸው ላይ አስጠጋሁ።

«እንካ» አልኩት። «ጠጣ።»